የሰዓት ጥገናው መጽሐፍ የቤት ዋጋ ያወጣ ዕለት

ያን ቀን ጠዋት የሟቹ ባለቤቴ አሮጌ መጽሐፍ የቤት ዋጋ አውጥቶ አገኘሁት።

ክው አልኩ። መነጽሬን አውልቄ በቀሚሴ ጫፍ ጠረግኩና እንደገና አየሁ። ቤት ነው። ግቢ ያለው፣ ውሃና መብራት የገባለት ቤት። ስልኩ ከእጄ ሊወድቅ ምንም አልቀረው።

«ድንቢጥ!» ብዬ ጮህኩ። «አንቺ ልጅ፣ ድረሽ! ጉድ ፈልቷል!»

ድንቢጥ የልጅ ልጄ ናት። ቅጽል ስሙን ያወጣላት አያቷ ነው፤ ሕፃን ሳለች ከአንዱ የመጽሐፍ ቁልል ወደ ሌላው እየዘለለች አላስቀምጥ ስትለው። ይኸው ዛሬ ለአቅመ ትዳር ደርሳ እንኳ ሌላ ስም አልጣበቅ አላት። ያሳደግኳት እኔ ነኝ፤ ስታስነጥስ እኔን ያመኛል። አያቷ ዕድሜውን ሙሉ መንገድ ዳር አሮጌ መጽሐፍ ሲሸጥ ኖሮ ሲያልፍ፣ የተረፈውን ሁሉ አምጥተን ሳሎናችን ውስጥ ከወለል እስከ ጣሪያ ደረደርነው። እኔ በኪሎ ለሚገዙ ሰዎች እንስጠውና ቤታችን ቤት ይምሰል ብል፣ እሷ «አይሆንም እማማ፣ ኢንተርኔት ላይ እሸጠዋለሁ» አለች። በእጁ ያልነካውን፣ ያላሸተተውን አሮጌ መጽሐፍ ማን ይገዛል? ብዬ ስቄባት ነበር። ተገዛ። እኔም አፌን ያዝኩ።

ሥራው ግን የዋዛ እንዳይመስላችሁ። አንዱን መጽሐፍ ብዙ ሻጭ ይይዘዋል፤ ገዢው ደግሞ ሁሉንም በአንድ ገጽ ላይ ጎን ለጎን ያያል። ስለዚህ ልጅቷ ጠዋት ጠዋት ፊቷን ሳትታጠብ ሌሎቹ ስንት እንደሚሉ ታያለች። ሲቀንሱ ትንሽ ትቀንሳለች፤ እንደ ልብ የማይገኘውን ግን ንክች አታደርግም። መላኪያውን ደምራ ነው የምታወዳድረው፤ መጽሐፉን ርካሽ ብሎ መላኪያው ላይ የሚቆልለውን ሻጭ እንደ ሌባ ትጠላዋለች። «ዋጋ ማለት እሳት ላይ የተጣደ ወተት ነው እማማ» ትለኛለች፤ «ዓይንሽን ካነሣሽበት ይገነፍላል።»

ሌላም አመል አላት። ከእያንዳንዱ መጽሐፍ ሥር ጉድፉን ሁሉ ትጽፋለች። «ሽፋኑ ላይ የብርጭቆ ክብ አለ። አንድ ጥጉን አይጥ ቀምሶታል። መጨረሻው ገጽ ላይ ልጅ ድመት ሥሎበታል።»

«የራስሽን ዕቃ እየዘለፍሽ ማን ሊገዛሽ ነው?» እላታለሁ።

«ጉድፉን ቀድሞ ያወቀ ሰው አይመልስልሽም።»

ረጅሙን ያመጣብን ይኸው አመሏ ነው። ረጅሙ የምለው ልጅ የባለ መጋዘኗ ልጅ ነው። ባለ መጋዘኗ ማለት አሮጌ መጽሐፍ በጭነት መኪና ገዝታ እዚያው ገጽ ላይ የምትሸጥ፣ ሠራተኞቿ ብቻ አንድ ሠፈር የሚሞሉ ሴት ናት። ልጇ የዋጋ ኃላፊዋ ነው። አንድ ቀን በራችንን አንኳኳና «ያቺን ድመት በዓይኔ ካላየሁ ብዬ ነው» አለ፤ ሲገባም ግንባሩ ከበሩ ጉበን ጋር ጓ! አለ። ድመቷን ገዝቶ ሄደ። በሳምንቱ ተመልሶ መጣ፤ ጓ! አለና ገባ። ከዚያ በኋላ የሚመጣበት ምክንያት ቢጠየቅ እሱም የሚያውቀው አይመስለኝም።

እኔ ጥግ ላይ ተቀምጬ እየሰፋሁ አያቸው ነበር። እሱ መጽሐፍ ሲያይ እሷ እሱን ታያለች፤ እሷ መጽሐፍ ስታይ እሱ እሷን ያያል። ዓይን ለዓይን የተገጣጠሙ እንደሆነ ሁለቱም ቀና ብለው ጣሪያ ያያሉ። ጣሪያችን ደግሞ ያን ጊዜ ከማፍሰስ በቀር የሚታይ ነገር አልነበረውም። ልቤ ግን አላርፍ አለ። ጋብቻ ከአቻ ሲሆን ነው የሚያምረው፤ እነዚያ በመኪና የሚጭኑ፣ እኛ በፌስታል የምናንጠለጥል! ድንቢጥም ይህ ሳይገባት አልቀረም፤ እኔ ባለሁበት አንድ ቃል አስገባችው።

«አንድ ነገር ብቻ ነው የምለምንህ» አለችው። «ሱቄ ውስጥ እጅህን እንዳታስገባ። አዝነህልኝ እንዳትገዛኝ። አዝነህልኝ ገበያ እንዳትለቅልኝ።»

«እሺ» አለ፤ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ። ዓይኑ ግን ጫማው ላይ ነበር። እኔ እፍረት መሰለኝ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ አሉ።

ከዚያ ወዲህ ያ ሱቅ እንዴት እንዳበበ! ጠዋት ስልኳን ከፍታ «እማማ፣ ዛሬም ከመጋዘኑ በታች ነኝ! ያን የሚያህል መጋዘን አሸነፍኩት እኮ!» እያለች በመጽሐፍ ቁልሉ መሐል ትጨፍርልኝ ነበር። ጣሪያውን አስጠገነች። ለእኔም ይሄን መነጽር ገዛችልኝ። ትከሻዋ ሲቀና፣ አረማመዷ ሲለወጥ አየሁ። ረጅሙ እናቱ ዘንድ ሊያስተዋውቃት ቀን ሲቆርጥ እንኳ እንደ ፈራሁት አልተርበተበተችም። «እንደ ነጋዴ ነው የምገባው» አለች። ለዚያ ቀን ብላ ቀሚስ ስታሰፋ፣ ወዲያ ወዲህ ስትል ግን ዋጋ መከታተያ ጊዜ አጣች። ገጹ ራሱ ዋጋ የሚያስተካክል መሣሪያ አለው አሉ፤ ትእዛዝ ብቻ ነው የሚፈልገው። «ሌላው ከሚጠይቀው ትንሽ ዝቅ በል» ብላ አዘዘችውና ተወችው።

«ወተቱን ለማን ትተሽ ነው?» ብያት ነበር።

«አይዞሽ እማማ፣ ማሽን አይተኛም።»

እንግዲህ የቤት ዋጋ ያየሁት እናቱ ዘንድ በምትሄድበት ዕለት ጠዋት ነው። ድንቢጥ ግማሽ ፀጉሯን አበጥራ ግማሹን በእጇ ይዛ እየሮጠች መጣች። መጽሐፉ ስለ እጅ ሰዓት ጥገና የተጻፈ ቀጭን መጽሐፍ ነው፤ አያቷ አሮጌ ጫማ እንኳ በማይገዛ ዋጋ ይሸጠው ነበር።

«ተሳስቶ ነው» አለች። «ዜሮ ተጨምሮበት ነው።»

ሳትጨርስ ቁጥሩ ተለወጠ። ጨመረ። ዓይናችን እያየ ቤቱ ላይ ፎቅ ተሠራበት።

ሥሩ ደግሞ ሰው ይሳለቃል። አንዱ «ሰዓቱም አብሮ ይመጣል ወይ?» ይላል። ሌላው «ይቺ ልጅ መጽሐፍ ሳይሆን ሰው ልትገፍፍ ነው የተቀመጠችው» ይላል። ጉድፍ ሳትደብቅ የኖረች ልጅ! ድንቢጥ ልትዘጋው ስትሞክር፣ ከላይ በቀይ ጽሑፍ ሱቋ እስኪጣራ ድረስ መታገዱን የሚናገር መልእክት መጣ። የያዘችውን ፀጉር ለቀቀችው። መጽሐፍ ቁልል ላይ ቁጭ አለችና ግድግዳ ግድግዳውን ማየት ጀመረች።

«እማማ» አለች፣ ድምጿ የሌላ ሰው መስሎ። «ይሄን መጽሐፍ ከእኔ ሌላ የያዘው አንድ ሻጭ ብቻ ነው። መጋዘኑ።»



*

በሩ ተንኳኳ። ረጅሙ መስሎኝ ከፈትኩ። አንዲት ሴት ቆማለች፤ አቧራ የለበሰ የሥራ ካፖርት፣ ጆሮዋ ላይ የተሰካ እስክሪብቶ። ባለ መጋዘኗን በወርቅ ተንቆጥቁጣ እጠብቃት ነበርና አላወቅኳትም። ያወቅኩት ከኋላዋ ረጅሙ ሲገባ ነው። ጓ! አለ። ማንም አልሳቀም።

«የድንቢጥ ሱቅ የሚባለው ይሄ ነው?»

«ነው» አልኩ። «እንደምን አደሩ? ይግቡ፣ ይቀመጡ።»

«አልቀመጥም። የእኔም ገጽ ታግዷል። ሁለት ሻጮች ተመካክረው ዋጋ ሰቀሉ ተብለን ተጽፎብናል። እኔ ዕድሜ ልኬን ከማንም ጋር ዋጋ ተመካክሬ አላውቅም።» ወደ ድንቢጥ ዞረች። «አንቺስ?»

«እኔም አላውቅም» አለች ድንቢጥ ተነሥታ።

ባለ መጋዘኗ ልጅቷን ከእግር እስከ ራሷ አየቻት። ከዚያ ዓይኗ መጽሐፍ መደርደሪያው ላይ የተሰቀለው አዲሱ ቀሚስ ላይ አረፈ። ከዚያ ልጇ ላይ።

«ይቺ ናት?» አለች። «ከሰዓት በኋላ ላስተዋውቅሽ ያልከኝ ይቺን ነው?»

ረጅሙ አንገቱን ደፋ።

«ገባኝ! አሁን ገባኝ! አንቺ ልጅ፣ ልጄን በዓይንሽ አስረሽ ቤቴን በዋጋ ልትበዪኝ ኖሯል!»

እስከዚያ ድረስ «እርስዎ» ስላት ነበር። ጨዋነቴ እዚያ ላይ አለቀ።

«አንቺ ሴት!» አልኳት። «የልጅ ልጄ የማንንም አልበላችም! ልጅሽ ነው በራችንን በግንባሩ ሲያፈርስ የከረመው! እኔ ጠርቼዋለሁ? እሷ ጠርታዋለች?»

«እማማ፣ ተይ» አለች ድንቢጥ። መረጋጋቷ ከጩኸት የበለጠ አስፈራኝ። ለሴትዮዋ ስልኳን አሳየቻት። «ይኸው የሰጠሁት ትእዛዝ። ሌላው ከሚጠይቀው ትንሽ ዝቅ በል። ሌላ ምንም አላልኩም።»

«የእኔም ቤት ሕግ ይኸው ነው» አለች ባለ መጋዘኗ። «ከገበያው ዝቅ ማለት።»

እኔ የማሽን ነገር አይገባኝም። ግን የደረጃ ነገር ይገባኛል።

«ቆይ እስቲ» አልኩ። «ሁለቱንም ዝቅ በሉ ካላችኋቸው፣ ወደ ላይ የሚጎትታቸው ማን ነው?»

ሁለቱ ሴቶች ስልኩን እንደገና አዩት።

«እኔ ነኝ» አለ ረጅሙ።

እናቱ ዞረች። ድንቢጥ አልዞረችም።

«ድንቢጥ ጋ ያለ መጽሐፍ ሁሉ ላይ» አለ ጫማውን እያየ፤ «የእኛ ዋጋ ከእሷ ሩብ ያህል ከፍ እንዲል አዝዤው ነበር። እሷ ሁልጊዜ ከእኛ እንድትረክስ። እንድትሸጥ።»

አሁን ገባኝ። እሱ ከእሷ ሁለት ደረጃ ከፍ ይላል፤ የእሷ ማሽን ከእሱ አንድ ደረጃ ዝቅ ልበል ብሎ ተከትሎት ይወጣል፤ እሱ ደግሞ ከእሷ ላይ ሁለት ይጨምራል። ሌሎቹ መጻሕፍት ብዙ ሻጭ ስላላቸው የሌላው ርካሽ ዋጋ ወደ ታች ይዟቸዋል። ይሄኛው ግን በሁለቱ እጅ ብቻ ነበርና፣ ያዝ የሚል ጠፍቶ፣ ተከታትለው ተከታትለው ከጣሪያ በላይ ወጡ። አንዱ ሊያሸንፍ፣ አንዱ ሊሸነፍ ሲል!

አልቀመጥም ያለችው ባለ መጋዘኗ የመጽሐፍ ቁልል ላይ ዘፍ አለች። «በገዛ ቤቴ» አለች። «በገዛ ልጄ!»

ድንቢጥ ግን አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች። «ከመቼ ጀምሮ?»

«ድመቷን ከገዛሁ ጊዜ ጀምሮ።»

«ቃል ስትገባልኝስ?»

«ያን ጊዜ ላነሳው አስቤ ነበር። በማግስቱ ስመጣ ግን… አሸነፍኩህ ብለሽ ስትስቂ አየሁሽ። አቃተኝ።»

ልደግፋት እጄን ዘረጋሁ፤ በቀስታ መለሰችልኝ።

«እኔ እኮ ጨፍሬያለሁ» አለችው። «ታውቃለህ? ጠዋት ጠዋት እዚህ ወለል ላይ ጨፍሬያለሁ። ለእማማ መነጽር ስገዛላት በራሴ እጅ፣ በራሴ ጭንቅላት ገዛሁላት ብዬ መንገድ ላይ ብቻዬን ስቄያለሁ። ያ ሁሉ የአንተ ነበር።»

«እየሳቅኩብሽ አልነበረም! ስለምወድሽ ነው! እንድትከፊ ስላልፈለግኩ ነው!»

«መሸነፍ ያስከፋል እንጂ አይገድልም። አንተ መሸነፌንም ወሰድክብኝ፣ ማሸነፌንም ወሰድክብኝ። ለእኔ ምን ተወክልኝ?»

«እኔን» አለ።

ምነው ባላለ! እሷ ግን አንገቷን ነቀነቀች።

«ብታከብረኝ ኖሮ ታሸንፈኝ ነበር» አለች። «አሁን ሂድ።»

እናቱ ክንዱን ይዛ ወጣች። እሱ በሩ ጋ ሲደርስ ጎንበስ ብሎ አለፈ። ቤታችን መምጣት ከጀመረ እንዲህ ሲያጎነብስ የዚያን ዕለት የመጀመሪያው ነበር። እኔን እንባ እንባ ያለኝ ያኔ ነው።

*

ብታለቅስ እፎይ ባልኩ። አላለቀሰችም። ማሽኑን አጠፋችው፤ ቀሚሱን ከመደርደሪያው ላይ አውርዳ አጠፈች፤ ታግዶም ቢሆን ሱቋን አንድ በአንድ በእጇ ማስተካከል ጀመረች። እኔ ከወዲያ ወዲህ እላለሁ። ሾርባ አመጣለሁ፣ ይቀዘቅዛል፣ አሙቄ አመጣለሁ። ስልኳ ጠረጴዛው ላይ በነዘረ ቁጥር እንደ እባብ እመለከተዋለሁ። አታነሣም።

በማግስቱ በመስኮት ሳይ፣ ረጅሙ ከመንገዱ ማዶ የልብስ ሰፊው ደጅ ላይ ቆሟል። ደመናው ጠቁሯል።

«ልጄ» አልኳት፣ «አሁን ዝናብ ይመታዋል እኮ።»

«ረጅም ነው፤ ከሰው ቀድሞ ይደርሰዋል» አለች፤ ሳትስቅ።

ምን ልበላት? ታረቂው እንዳልላት፣ ነገ ደግሞ ምን ሊደብቃት ነው ብዬ እፈራለሁ። ተዪው እንዳልላት፣ ያን የሚያክል ሰው በር ላይ ሲያጎነብስ አይቻለሁ። በያዝኩት መርፌ እንኳ ክር ማስገባት አቃተኝ።

«እማማ» አለች ድንገት፣ ብዕሯን አስቀምጣ። «እውነቱን ንገሪኝ። እኔ ነጋዴ ነኝ? ወይስ አንድ ሰው ያዘነላት ልጅ ነኝ?»

አያችሁ፣ ይሄን ነበር የምፈራው፤ ፍቅሩ ቢቀርባት ሌላ ይመጣል፤ ያ የቀናው ትከሻዋ ተመልሶ ከጎበጠ ግን በምን ላቃናው? በዚህ መሐል የእኔ ስልክ ጮኸ። ባለ መጋዘኗ ናት።

«እናቴ፣ ትናንት ስለ ተናገርኩት ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለች፤ ይቅርታ መጠየቅ ያልለመደች ሴት አነጋገር። «ለገጹ ሰዎች አስረድቻቸዋለሁ። ዛሬ የሁለታችንም ይከፈታል። ልጅቷን አልጠላኋትም። የጠላሁት መታለሌን ነው።»

«እሷም የጠላችው እሱኑ ነው» አልኳት።

ከዚያ ክስ በሚመስል ድምፅ «ደግሞስ ያ ሞኝ ምን ቤት ነው!» አለች። «ያን ትእዛዝ ሳይሰጥ በፊት፣ እኛ ከእሷ ረክሰን ሳለን እንኳ ከእሷ የሚገዙ ነበሩ። ምነው ብዬ ገዢ አስጠየቅኩ። ‹እሷ ጉድፉን ትነግረናለች፤ እናንተ ሁሉንም ያገለገለ ብቻ ትላላችሁ› አሉኝ። ከዚያ ጀምሮ እንቅልፍ ነሥታኝ ነበር፣ የእርስዎ ልጅ!» ስልኩን ዘጋችው።

ደርቄ ቀረሁ። ለድንቢጥ ነገርኳት።

«ምን አለች?»

ደግሜ ነገርኳት።

«እንደገና በይ እማማ። እንዳለችው፣ ሳትጨምሪ።»

ሳልጨምር ነገርኳት። አንድ መጽሐፍ አንሥታ ጠርዙን በአውራ ጣቷ ዳበሰች፣ ገለጠች፣ አሸተተች። «ሽፋኑ ፀሐይ መትቶታል» ብላ ጻፈች። «አንድ ቦታ አንባቢው ‹ውሸት!› ብሎ በእርሳስ ጽፎበታል።» ከዚያ ስልኳን አነሣችና ለረጅሙ አንድ መልእክት ላከች። ተንጠራርቼ አነበብኩት። «ነገ ሱቄ ክፍት ነው። ከመጣህ እንደ ነጋዴ ና» ይላል።

«ይሄ መታረቂያ ነው ወይስ ማስፈራሪያ?» አልኳት።

«እሱ ይወቅ።»

በመስኮት አየሁ። ዝናቡ ጀምሮ ነበር። ረጅሙ ስልኩን በሁለት እጁ ይዞ፣ ሻማ ከነፋስ እንደሚከልል ሰው ጎብጦ ያነባል። ደግሞ ያነባል። ሄደ፤ አንዴም ዞር ሳይል። ተቆጣ ይሆን? ገባው ይሆን?

*

ጠዋት ከእሷ ቀድሜ ተነሣሁ። እንደ አስተማረችኝ ስልኩን ከፈትኩና አንዱን መጽሐፍ ከመጋዘኑ ጋር አስተያየሁ። መጋዘኑ ከእኛ በአንዲት ሳንቲም ያንሳል። ሁለተኛውን አየሁ። በአንዲት ሳንቲም። ቀጣዩንም፣ የዚያ ቀጣዩንም። አይጥ የቀመሰውንም፣ ፀሐይ የመታውንም፣ አንድም ሳያስቀር ሁሉንም! ደሜ ፈላ።

«ቀማኛ!» ብዬ ጮህኩ። «ድንቢጥ! ድረሽ! ያ አጋሰስ ከነነፍሳችን ሊያስከስረን ነው! አንዲት መጽሐፍ እንኳ አልማረልሽም! ይሄ ነው ወደድኩሽ ማለት? ይሄ ነው?»

ድንቢጥ በባዶ እግሯ መጣች። ስልኩን ከእጄ ወሰደች። አየች። ገጹን ወደ ታች ሳበችው፣ ሳበችው። እጇን አፏ ላይ አደረገች። አለቀች፣ አሁን ወደቀች ብዬ ከኋላዋ ቆምኩ።

ሳቀች።

ያ የጠፋው ሳቋ! እኔ እንደ እብድ አየኋት።

«እማማ» አለች፣ «አሸነፈኝ።»

«ምኑ ነው የሚያስቅሽ? አሸነፈሽ እኮ!»

«አዎ! አሸነፈኝ!» አለች፤ የምሥራች እንደሚያበሥር ሰው። «ሌሊቱን ሙሉ በእጁ ነው የሠራው። ማሽን ቢሆን ሁሉንም በአንድ ጊዜ ነበር የሚለውጠው፤ እዚህ ግን የእያንዳንዱ የተለወጠበት ሰዓት የተለያየ ነው። እያንዳንዷን መጽሐፌን አይቷታል። አልማረኝም እማማ፣ አንዷንም አልማረኝም!»

ከዚያ የሰዓት ጥገናው መጽሐፍ ላይ ደረሰች። ዋጋው ወደ ሰው ዋጋ ተመልሷል፤ ከእኛ በአንዲት ሳንቲም አንሶ። መጋዘኑ ሁልጊዜ «ያገለገለ» ከምትል ቃል በቀር የማይጽፍበት ቦታ ላይ ግን ዛሬ ሌላ ነገር አለ። ጮክ ብላ አነበበችልኝ።

«ስለ እጅ ሰዓት ጥገና። ያገለገለ። ጥጉ ተጣጥፏል፤ ሽፋኑ ላይ የጣት አሻራ አለ። አንድ ጊዜ ዋጋው ያለ ልክ ተሰቅሎ ወርዷል። ጥፋቱ የመጽሐፉ አይደለም፣ የሻጩ ነው። ሻጩ ከእንግዲህ ጉድፍ አይደብቅም። አንድም ገጽ አልጎደለም።»

ስንት ቀን የታቆረው እንባ ያን ጊዜ ወረደ። በእጇ ጀርባ ጠረገችው፣ መልሶ ወረደ፣ እየሳቀች መልሳ ጠረገችው። እኔም ለምን እንደማለቅስ ሳላውቅ አብሬ አለቀስኩ።

«በል እንግዲህ!» አለች ስልኩን እያየች፤ እሱን ፊት ለፊቷ ያቆመችው ይመስል። የሰዓት ጥገናውን መጽሐፍ በአንዲት ሳንቲም ቀነሰችና ጠበቀች። ወዲያው የመጋዘኑ ዋጋ በአንዲት ሳንቲም ወረደ። ነቅቶ ነበር! እዚያ ማዶ፣ በመጋዘኑ ውስጥ፣ ያ ረጅም ልጅ እንደ እሷው ስልኩ ላይ አጎንብሶ ነበር።

ቀነሰች። ቀነሰ። ደግማ ቀነሰች። ደግሞ ቀነሰ።

«ኧረ አንቺ ልጅ፣ ቤታችንን ሸጠሽ ልትጨርሺው ነው!» አልኩ።

ጣቷን አነሣች። «አይ እማማ። ከዚህ በታች ከወረድኩ እከስራለሁ። የት ላይ እንደምቆም አውቃለሁ።» ስልኩን ደረቷ ላይ አስደግፋ ዓይኗን ጨፈነች። «ይቺን ይውሰዳት። አሸንፎ ነው የወሰዳት።»

አያቷም ነጋዴ ነበር፤ እኔም ከነጋዴ ጋር አርጅቻለሁ። ዋጋ ሲወርድ የሚያማርር አይቻለሁ፣ የሚሳደብ አይቻለሁ፣ ሱቁን ዘግቶ የሚተኛም አይቻለሁ። ዋጋ በወረደ ቁጥር ፊቱ እንዲህ የሚበራ ሰው ግን በዕድሜዬ አላየሁም።